አፍ ስንት ጭረት ናት?

ቻይንኛ የጀመረች አንዲት ልጅ ሰሞኑን "ቅርጹ ካማረ ጭረቱ ከየትም ቢጀመር ምን ችግር አለው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ የደብተሯን ገጽም በፎቶ ላከችልኝ። ከዓመታት በፊት ይህንኑ የጠየቀኝን ተማሪ "ግድ የለም፣ ይነበባል" ብዬ ሸኝቼው ነበር። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያ ልጅ እጅ ጽሑፍ የታተመ ይመስል ነበር። ጉድለቱ የነበረው "አፍ" የምትለዋ ፊደል፣ ኮው፣ ላይ ነው። አራት ማዕዘን ሳጥን ናት፤ እሱ ግን የእኛን ዐ እንደምንጽፈው በአንድ ዙር ይዘጋታል። ጭረቷ 3 ነው። መጀመሪያ በግራ ወደ ታች፤ ቀጥሎ ከላይ ወደ ቀኝ ሄዶ ብዕሩ ሳይነሳ ወደ ታች የሚታጠፈው፤ በመጨረሻ ከታች የሚዘጋው። እጥፉ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ጀማሪ ሁሉ 4 የሚላት እዚህ ጋ ተሳስቶ ነው።

ልጁ በኋላ ግንባታ ቦታ አስተርጓሚ ሆነ። አንድ ቀን ፎርማኑ በእጁ የጫጫራትን ብጣሽ ወረቀት ይዞ መጣና "ይቺ 12 ምንድን ናት?" አለኝ። ወረቀቱ ላይ 12 የሚባል ነገር የለም። "ጂያ ሽዌይ" ነው የሚለው፤ ውሃ ጨምሩ። "ጂያ" በግራ "ጉልበት" (ኃይል) የምትለዋ ፊደል፣ በቀኝ አፍ ያለባት ባለ 5 ጭረት ፊደል ናት። በጥድፊያ ስትጻፍ የአፍ የመጀመሪያ ጭረት ብቻዋን ቆማ 1 ትመስላለች፤ እጥፉና መዝጊያው ደግሞ ተያይዘው 2 ይመስላሉ። በቅደም ተከተሏ ሲጽፋት የኖረ ሰው ወዲያው ይለያታል፤ እሱም ቢቸኩል እጁ የሚያወጣው ይህንኑ ነው። በአንድ ዙር ሲዘጋት የኖረው ልጅ ግን ያየው ቁጥር ነበር። በተጣራ ጽሑፍ ላይ የተደበቀው ስህተት የሰው እጅ ጽሑፍ ሲያነብ ወጣበት።

ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚለውን የትም ታገኙታላችሁ። የሚያስቸግሩት ሌሎች ናቸው። "አገር"፣ ጉዎ፣ 8 ጭረት ናት፤ የሳጥኑ ሁለት ጭረቶች፣ ከዚያ የውስጡ አምስት፣ መጨረሻ መዝጊያው። ቻይናዎች ለልጆቻቸው "ሰው ይግባ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋ" ይሏቸዋል። ቀድማችሁ ከዘጋችሁ ውስጡ ይጨናነቅና ነጥቧ ቦታ ታጣለች። "ትንሽ" ከመሀል ይጀምራል፤ "እሳት" ግን ሁለቱን የጎን ነጥቦች ያስቀድማል። "ሴት" ላይ አግድሙ መጨረሻ ነው። "ጉልበት" በእጥፉ ስትጀምር፣ እሷን የምትመስለው "ዘጠኝ" ግን ወደ ግራ በሚወርደው ትጀምራለች። ለምን? እዚህ ላይ ምክንያት አትፈልጉ፣ እጃችሁን አስለምዱት።

ለልምምድ ባለ ካሬ ደብተር ይበቃል፤ 4 ካሬ ለአንድ ፊደል። እያንዳንዱን ጭረት በስሙ እየጠራችሁ (ሄንግ አግድሙ፣ ሹ ቁሙ፣ ፒዬ ወደ ግራ የሚወርደው፣ ና ወደ ቀኝ የሚወርደው፣ ዲየን ነጥቡ) 5 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ሸፍናችሁ 3 ጊዜ በቃል። ገጽ መሙላት ዋጋ የለውም፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርሱ የምትገለብጡት የራሳችሁን ስህተት ነው።

የዛሬ ልጆች በስልክ ድምፁን በላቲን መትታችሁ ፊደሉን ከዝርዝር ትመርጣላችሁ፤ እጃችሁ ምንም አይማርም። ስልክ ጣሉ ልል ነበር፤ ግን እዚያው ስልክ ላይ ባለ 5 ቁልፍ የጭረት ኪቦርድ አለ፦ አግድም፣ ቁም፣ ወደ ግራ የሚወርድ፣ ነጥብ (ና እዚህ ይገባል) እና እጥፍ። "አገር"ን ቁም፣ እጥፍ፣ አግድም፣ አግድም፣ ቁም፣ አግድም፣ ነጥብ፣ አግድም ብላችሁ ካስገባችሁ ትመጣለች። ካዛነፋችሁ እንደ እኔ "ግድ የለም" አይላችሁም።

ቪዲዮ ስታዩ የጃፓን እንዳይሆን፤ ጃፓኖችም በእነዚህ ፊደላት ይጽፋሉ፣ የጭረት ቅደም ተከተላቸው ግን አንዳንዴ ይለያል። "ማሳ" በምትለዋ ፊደል ሳጥን ውስጥ ቻይና አግድሙን ታስቀድማለች፣ ጃፓን ቁሙን፤ "ቀኝ" በቻይና በአግድም፣ በጃፓን ወደ ግራ በሚወርደው ትጀምራለች። ቻይንኛ የምትማሩ ከሆነ መለኪያችሁ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የ8,105 ፊደላትን የጭረት ቅደም ተከተል የሚወስነው የቻይና ደረጃ ነው።

ልጅቷ የላከችው ገጽ ላይ "መጠየቅ" የምትለዋ ፊደል አለች፣ በር ውስጥ የቆመች አፍ። 6 ጭረት ናት። በሩን በነጥቡ ጀምራዋለች፣ ጎሽ። አፏን ግን እንደ ዐ ነው የዘጋቻት።