ውሾቼ ጠፉብኝ፤ ጎረቤቶቼን ጠረጠርኩ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ሐረር ከተማ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ሸንኮር አካባቢ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ሁለት ውሾች ጠፍተውብኛል። የመጀመሪያው ቦቢ የተባለው ወንዱ ሲሆን፣ አንድ ምሽት በተከፈተ በር ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ሴቷ ግን ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስራ ነበር ያደረችው፤ ጠዋት ስንነሳ የአንገቷ ቀበቶ ሳይበጠስ ዘለበቱ ተፈትቶ ከነሰንሰለቱ መሬት ላይ ተጥሎ አገኘነው። ሌሊቱን ስትጮህም አልሰማንም። ከአምስት ወር በፊት አጠገባችን ያለውን ግቢ የተከራዩ ሰዎች አሉ፤ ከግቢያቸው የብዙ ውሾች ጩኸት ይሰማል፤ ሌሊትም ፒክ አፕ መኪና ይገባል ይወጣል። አንድ የሰፈር ልጅ ደግሞ ቦቢን በራቸው ላይ እንዳየው ነግሮናል። ባለቤቴ ነገሩ በዕድር ስብሰባ ላይ ይነሣ ትላለች፤ ወንድሜ አጥር ዘለን እንይ ይላል፤ አንዲት እናት ደግሞ ዐዋቂ ቤት እንድንሄድ መክረውናል። አሁን የቀረችን አንዲት ቡችላ ብቻ ናት። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ለዓመታት ደጃፍዎን የጠበቀ፣ ልጆችዎ በስሙ እየጠሩ ያደጉበት እንስሳ በአንድ ሌሊት ሲታጣ የሚሰማዎት ሐዘን ተገቢ ነው፤ «ውሻ አይደለም ወይ፣ ሌላ ይገዛል» የሚሉዎትን አይስሟቸው። ይሁን እንጂ በደብዳቤዎ ሁለቱን ውሾች የወሰደው አንድ እጅ እንደሆነ አድርገው ስለጻፉ፣ ከሁሉ አስቀድመው ሁለቱን ጉዳዮች እንዲለዩአቸው አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

በሐረር ምሽት ላይ የወጣ ውሻ ሳይመለስ ሲቀር፣ ከሰው በፊት መጠርጠር ያለበት ጅብ ነው። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ እንግዳ እየተመለከተ ጅቦች ከሰው እጅ ሥጋ ሲበሉ ማየት ስለለመድን፣ ይህ አውሬ ውሻ የሚበላ መሆኑን እንዘነጋለን። ጅብ አጥንቱን ጭምር ስለሚፈጭ ሬሳ አላገኘሁም ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአቅራቢያዎ ባለው ቆሻሻ መጣያና ገደል አካባቢ የደም ጠብታ፣ የተጎተተ ነገር ፈለግ፣ የጸጉር ጭብጥ፣ ከበላው አጥንት የተነሣ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣ የጅብ እዳሪ ይፈልጉ። የሰፈሩ ልጅ የተናገረውም ቢሆን ከመመዘኑ በፊት አንድ ጥያቄ ይፈልጋል፤ ቦቢን ያየው ከጠፋበት ምሽት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብዙ ውሾች ባሉበት ግቢ ወንድ የምትፈልግ ሴት ውሻ ካለች፣ ይህም ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ የሚችል ነገር ነው፣ የአካባቢው ወንድ ውሾች ሁሉ በሩ ላይ ይሰበሰባሉ። ቦቢ እዚያ መታየቱ መሄዱን እንጂ መታገቱን አያሳይም። ልጁን ወላጆቹ ባሉበት በእርጋታ ይጠይቁት፤ ደጋግመው ካስጨነቁት ግን እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን ይነግርዎታል።

የሴቷ ጉዳይ ፍጹም የተለየ ነው። ጅብ ዘለበት አይፈታም፤ እርሷን የወሰደው ሰው ነው። አለመጮኋም ብዙ ይናገራል፤ ወሳጁ ምግብ ሰጥቶ ያባበላት፣ ወይም ቀድሞ የምታውቀው ሰው ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው በአዲሶቹ ተከራዮች ላይ ብቻ ሊቆም አይችልም፤ ከዚህ በፊት ቤትዎ ያገለገለ፣ ግቢዎ እየገባ ዕቃ የሚያደርስ፣ ለውሻዋ አጥንት የሚጥልላት ሰው ሁሉ ሊታሰብ ይገባል። ቀበቶውንና ሰንሰለቱን ብዙ ሳይነካኩ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ።

ወደ ጎረቤቶቹ ግን ይሂዱ። አንድ የተከበሩ የሰፈር ሽማግሌ ይዘው፣ በቀን፣ የሁለቱን ውሾች ፎቶግራፍ በእጅዎ አድርገው «ውሾቻችን ጠፍተውብናል፤ እናንተም ውሾች ስላሏችሁ ጠንቀቅ በሉ፤ እነዚህን ካያችሁም ንገሩን» ይበሏቸው። ንጹሐን ከሆኑ አጋዥ ያገኛሉ፤ ውሻዋ በሌላ ሰው እጅ አልፋ ወደ እነርሱ መጥታ ከሆነም ሳያፍሩ የሚመልሱበት በር ይከፈትላቸዋል። ብዙ ውሻ ማርባትም ሆነ መሸጥ በራሱ ወንጀል አለመሆኑን ያስታውሱ። ማታ ጸጥታ ሲሆን ደግሞ ከራስዎ ግቢ ሆነው ውሻዋን እንደወትሮው በስሟ ይጥሯት፤ ውሻ የጌታውን ድምፅ ስለማይረሳ በአጥሩ ማዶ ካለች መልስ ልትሰጥ ትችላለች።

በዕድር ስብሰባ ላይ ስም ጠርቶ መክሰሱን አልደግፍም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ይቀጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ካሣ ያስከፍላል። ከሕጉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሳለሁ ድሬዳዋ ከዚራ ስንኖር ውሻችን ጠፍቶ ቤተሰቤ አንድ ጎረቤታችንን በሰው ፊት ሌባ አለው፤ ውሻው ከቀናት በኋላ በተዘጋ ባዶ ቤት ውስጥ ከስቶ ተገኘ። ይቅርታ ተጠይቆ ነበር፤ ሰውየው ግን ሰፈሩን ለቆ እስኪሄድ ድረስ ከቤታችን ቡና አልጠጣም። ይህን እስከ ዛሬ ሳስታውስ ያመኛል።

የወንድምዎን ሐሳብ ፈጽሞ አይቀበሉ። የሰው መኖሪያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ሲሆን፣ ፖሊስ እንኳ ሕጉ ከለያቸው ሁኔታዎች በቀር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይበረብረውም። በዚያ ላይ ክትባታቸው የማይታወቅ ውሾች ግቢ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በማንኛውም አጋጣሚ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ስለ ዐዋቂው ቤት ደግሞ አገራችን በቂ ትምህርት አላት፤ ቀድሞ ሌባሻይ በተባለው ሥርዓት መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቆጠር፣ ብዙ ንጹሕ ሰውም በዚህ ንብረቱን ያጣ ስለነበር በሕግ ተከልክሏል።

የቀረው መንገድ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ውሻ በሕግ ፊት ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሆነ መስረቁ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ቀላል እስራት፣ እንደ ሁኔታውም እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ያስከትላል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1193 ዕቃውን በእጁ ያደረገውን ሰው እንደ ባለቤት ስለሚገምተው፣ ውሻዋ የእርስዎ መሆኗን የማስረዳቱ ሸክም በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የክትባት ወረቀቷን፣ ከልጆችዎ ጋር የተነሣችውን ፎቶግራፍ፣ የጠባሳዋንና የጆሮዋን ልዩ ምልክት፣ የሚያውቋትን ሰዎች ስም በጽሑፍ አዘጋጅተው ከቀበቶው ጋር ያቅርቡ። የፒክ አፑን የሰሌዳ ቁጥር ከመንገድ ላይ ካዩት ከቀንና ሰዓቱ ጋር ይጻፉ፤ በማመልከቻዎም ላይ ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ያስፍሩ፤ «ሌቦቹ እነርሱ ናቸው» የሚለውን ድምዳሜ ለመርማሪው ይተዉለት። የማመልከቻውን ቅጂ ማኅተም አስደርገው መያዝዎን አይርሱ።

ቡችላዋ ግን ይህ ሁሉ እስኪጣራ አትጠብቅም። ዛሬውኑ ፎቶግራፍ ያንሧት፤ ሦስት ወር ከሞላትና ካልተከተበች የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት፤ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በድንጋይ ይድፈኑ፤ አጥንትና ትርፍራፊ ከደጅ መጣሉን ይተዉ፤ ማታም ከቤት ውስጥ ያሳድሯት።