የትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ናኖ ቅንጣት መጨመር፦ ጥያቄና መልስ

ናኖፍሉይድ የሚባለው ከ100 ናኖሜትር ያነሱ ቅንጣቶች፣ ለምሳሌ ቲታኒየም ኦክሳይድ፣ አሉሚና ወይም ማግኔታይት፣ የተበተኑበት ዘይት ነው።

ጥያቄ፦ ትራንስፎርመሩን ምን ያህል ያቀዘቅዝልናል?

መልስ፦ የሚወራለትን ያህል አይደለም። የማዕድን ዘይት ሙቀት የማስተላለፍ አቅም 0.13 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ነው፤ የውሃ 0.6 ነው። ቅንጣቱ በደንብ ከተበተነ፣ ጭማሪው ቢበዛ በይዘት ከጨመሩት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። 0.1 በመቶ አሉሚና፣ ማለትም በሊትር 4 ግራም ያህል፣ ቢጨምሩ 0.13 የነበረው 0.1304 ይሆናል። በቴርሞሜትር የሚታይ ለውጥ አይደለም። 5 በመቶ ቢያደርጉት 15 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ነገር ግን ዘይቱ ይወፍራል፣ ዝውውሩ ይዘገያል፣ ኢንሱሌሽኑም (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመከልከል አቅሙ) ይበላሻል። ለኢንሱሌሽን የሚስማማው መጠን ለማቀዝቀዝ አይበቃም፤ ለማቀዝቀዝ የሚበቃው ኢንሱሌሽኑን ይጎዳል። ዋናው ችግር ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?

መልስ፦ መብረቅ መሰል የቮልቴጅ ግፊትን መቋቋም። በ1998 በታተመ ጥናት፣ በመርፌ ኤሌክትሮድ ላይ አዎንታዊ ግፊት ሲሰጥ ንጹሑ ዘይት በ86 ኪሎቮልት ሲሰበር (ብልጭታ ሲያሳልፍ)፣ ማግኔታይት ያለበት እስከ 157 ችሏል። ቅንጣቱ ፈጣኑን ኤሌክትሮን ይይዘውና ብልጭታው ወደ ፊት የሚሄድበትን ፍጥነት ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ሊትር እንዴት ይዘጋጃል?

መልስ፦ አንድ ሊትር ዘይት 0.88 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ በክብደት 0.01 በመቶ ለማድረግ 0.09 ግራም ቲታኒየም ኦክሳይድ ይበቃል። ዱቄቱን በ110 ዲግሪ ምድጃ ሌሊቱን ያድርቁት። ዘይቱን አስቀድመው አጣርተው በቫኪዩም ያድርቁት። ቅንጣቱ እንዳይጓጎል በዱቄቱ ክብደት ልክ ኦሌይክ አሲድ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ያማስሉ፤ ከዚያ በአልትራሳውንድ ዘንግ፣ 5 ሰከንድ እያሠሩ 5 ሰከንድ እያሳረፉ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይበትኑት። ዘይቱ ስለሚሞቅ ብርጭቆው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። በመጨረሻ በ60 ዲግሪ ቫኪዩም ውስጥ 24 ሰዓት ይቆይ፤ አረፋው ካልወጣ መለኪያው ያሳስታችኋል።

ዘይቱ በስንት ኪሎቮልት እንደሚሰበር ሲሞክሩ በአይኢሲ 60156 (ዓለም አቀፍ የሙከራ ደረጃ) መሠረት፦ ክፍተቱ 2.5 ሚሊሜትር፣ ቮልቴጁ በሰከንድ 2 ኪሎቮልት እያደገ፣ ስድስት ጊዜ፣ በየመሃሉ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ። ከዚያው በርሜል የተቀዳ፣ ምንም ያልተጨመረበት ዘይትም አብሮ ይሞከር።

ጥያቄ፦ የእኔ የሚሰበርበት ቮልቴጅ ከንጹሑ ዘይት አንሶ ወጣ። ለምን?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ እርጥበት ነው፤ ዱቄቱ ከአየር ውሃ ይስባል። ሁለተኛው መጓጎል ነው። ብርጭቆውን ሳይነኩ ጥቂት ቀናት አቆይተው ከጎን ባትሪ ያብሩበት፤ ከታች ነጭ ንጣፍ ከተዘረጋ አልተበተነም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለው 15 ኪሎቮልት የስርጭት ትራንስፎርመራችን ይሞቃል። እንጨምርበት?

መልስ፦ በፍጹም። ሙቀቱ የሚወጣው በራዲያተሩ ወደ አየር ነው፤ ዘይቱን መቀየር ያንን አይቀይረውም። ከ1,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በተፈጥሮ አየር ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ በየ400 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ይቀነሳል፤ በ2,400 ሜትር 3.5 ዲግሪ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የሦስቱን ፌዝ ጭነት፣ የዘይቱን መጠንና በራዲያተሩ ላይ የተጠራቀመውን አቧራ ይዩ። አይዘግዩ፤ የትራንስፎርመሩን ሽቦ በሚከልለው በተለመደው ወረቀት ላይ እያንዳንዱ 6 ዲግሪ የእርጅናውን ፍጥነት እጥፍ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ቅንጣት ያለበት ዘይት በማጣሪያ ማሽን ቢያልፍስ?

መልስ፦ የተጓጎለውን ይይዛል፣ ነጠላው ያልፋል። ዘይቱን በሸክላ አፈር አሳልፎ የሚያድሰው ማሽን ግን ቅንጣቱንም ኦሌይክ አሲዱንም ሊያወጣው ይችላል።