ቄብ ናት ወይስ አውራ? የሁለት ወር ዶሮን ጾታ መለየት

አንዲት የደብረ ብርሃን ነዋሪ የሚከተለውን ጠይቀውናል፦ «ከሁለት ሳምንት በፊት ስምንት የ45 ቀን ዶሮዎች ገዛሁ። አምስቱ ሳሶ የሚባለው የውጭ ዝርያ ቀዮቹ፣ ሦስቱ የሐበሻ ናቸው። ሻጩ ሁሉም ሴቶች ናቸው ብሎኛል። አሁን የሁለቱ ሳሶዎች አናት ቀልቷል። ከሐበሻዎቹ አንዷ ደግሞ ሌሎቹን እያሳደደች ትመታለች። የገዛኋቸው ለእንቁላል ነው፤ ወንዶቹን አሁን ልለይ ወይስ ልጠብቅ?»

ሁለቱ ሳሶዎች አውራ የመሆናቸው ዕድል በጣም ከፍ ያለ ነው። ተደባዳቢዋን ግን ለጊዜው ይተዋት። ቄቦችም በመካከላቸው የበላይና የበታች የሚለዩት በጠብ ነው፤ ደፋር ቄብ ከፈሪ አውራ በላይ ስትጣላ ማየት የተለመደ ነው። በጠባይዋ ብቻ ተፈርዶባት ለወጥ የቀረበች ጥሩ ጣይ ዶሮ ቀላል ኪሳራ አይደለችም።

በዚህ ዕድሜ ከሁሉ በላይ የሚታመነው በአናት ላይ ያለው ሥጋና ከመንቁር ሥር የሚንጠለጠሉት ሁለት ሥጋዎች ናቸው። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የወንዱ ሥጋ ይወፍራል፣ ከፍ ይላል፣ ይቀላል። የሴቷ ትንሽና ገርጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ፈዛዛ ሮዝ የሚያደላ ሆኖ ይቆያል። ሲመለከቱ ግን አንዱን ዶሮ ለብቻው አይመዝኑት። ሳሶን ከሳሶ፣ ያውም በእኩል ዕድሜ ካለው ጋር ያወዳድሩ፤ ሳሶን ከሐበሻ ጋር ካወዳደሩ መሳሳትዎ አይቀርም። እግራቸውንም አብረው ይዩ፤ የወንዱ ቅልጥም ወፍራም፣ አቋሙም ቀጥ ያለ ነው። አምስቱን ሳሶዎች ጎን ለጎን ሲያዩ ሁለቱ በአናታቸውም በእግራቸውም ከሦስቱ ከተለዩ ጥርጣሬው አብቅቷል ማለት ይቻላል።

በሐበሻ ዶሮ ነገሩ ይከብዳል። ብዙዎቹ የአናታቸው ሥጋ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በሦስት ረድፍ የተደረደረ ስለሆነ ወንዱም ቢሆን ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። በእነዚህ ላይ መካከለኛውን ረድፍ ይመልከቱ፤ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ሰፋ ብሎ ደማቅ ቀይ ከሆነ ወንድ ነው። ቀለምም ይረዳል፦ ቡናማ ላባ ባላቸው የሐበሻ ጫጩቶች ላይ ትከሻው ላይ ደማቅ ቀይ ላባ ብልጭ ብልጭ ማለት ከጀመረ ቄብ አይደለም። ነጭ ወይም ጥቁር ከሆነች ግን ይህ ምልክት አይሠራም።

የመጨረሻውን ፍርድ የምሰጠው እኔ በላባ ነው። ከሦስተኛው ወር በኋላ ዶሮዋን በቀን ብርሃን ይያዟትና ከጅራቷ ከፍ ብሎ ወገቧ ላይ ያለውን ላባ በጣትዎ ገልጠው ይዩ። ጫፉ ክብ ከሆነ ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ሹልና የሚያብረቀርቅ ከሆነ አውራ ነው። የአንገት ላባም እንዲሁ ነው። የአናት ሥጋ በበሽታ ወይም በትላትል ምክንያት ሊገረጣ ይችላል፤ ቄቧም እንቁላል ልትጀምር ስትቃረብ ትቀላለች። የወገብ ላባ ግን እንዲህ አይለዋወጥም።

ለወደፊቱ የአንድ ቀን ጫጩት የሚገዙ ከሆነ አንዳንድ ዝርያዎች ገና ሲፈለፈሉ በቀለም ይለያሉ። ቦቫንስ ብራውን እና ሎህማን ብራውን ከሆኑ ቡናማዎቹ ሴቶች፣ ነጣ ያሉ ቢጫዎቹ ወንዶች ናቸው። በርካሽ የሚቀርብልዎት ነጣ ያለ የቦቫንስ ጫጩት እንቁላል አይጥልልዎትም። ኩኩ በሚባለው ባለ መስመር ዝርያ ደግሞ ወንዱ ጫጩት አናቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ ካደገም በኋላ ከሴቷ ይልቅ ፈዛዛ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በዶሮ የጫጩቱን ጾታ የምትወስነው እናት ናት፤ መስመር የሚያወጣው ባሕርይ ደግሞ ያለው ከጾታ ጋር በሚተላለፈው ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንዱ ከእናትም ከአባትም ስለሚወርስ ሁለት እጥፍ ያገኛል፤ ሴቷ የምትወርሰው ከአባቷ ብቻ ነው። የቦቫንስ ግን ከኩኩ ይለያል፦ በቤትዎ ቦቫንስን ከቦቫንስ አዳቅለው ቢያስፈለፍሉ የቀለሙ ምልክት ይጠፋል፤ የሚሠራው ለዚሁ ተብለው ከተመረጡ ወላጆች በሚገኘው የመጀመሪያ ትውልድ ላይ ብቻ ነው። የቀዩ ሳሶ ወንድና ሴት ግን ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ በቀለም አይለዩም፤ «ሁሉም ሴቶች ናቸው» የሚለውን ቃል ከማመንዎ በፊት አናታቸውን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሹል እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ይፈለፍላል የሚባለው እውነት አይደለም። በክር የታሰረ መርፌ ማወዛወዝም እንዲሁ። የጫጩትን መቀመጫ ገልጦ ማየት የሚባለው ዘዴ እውነተኛ ነው፤ ጃፓኖች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ ያዳበሩት ሙያ ነው። ነገር ግን ረጅም ሥልጠና ይጠይቃል፤ ያልሰለጠነ እጅ ጫጩቷን ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል። በቤት ውስጥ አይሞክሩት።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። በእያንዳንዷ እግር ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ላላ አድርገው ይሰሩ፤ እግር እየወፈረ ስለሚሄድ በየሳምንቱ ያላሉት። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በጠዋት፣ በስልክዎ የአናታቸውን ፎቶግራፍ ያንሱ። ለውጡን በዓይንዎ ከማስታወስ ይልቅ ፎቶግራፉ በግልጽ ያሳይዎታል። ሁሉንም የታዳጊ መኖ ይመግቧቸው። ቶሎ እንዲጥሉ ብለው የእንቁላል ጣይ መኖ አይስጧቸው፤ በውስጡ ያለው ብዙ ካልሲየም ያልደረሰ ዶሮን ኩላሊት ይጎዳል።

ሁለቱን ሳሶዎች ቄቦቹን ከመኖ እየከለከሉ ካስቸገሩ በሽቦ ከልለው ለብቻቸው ያሳድጓቸው፤ ሥጋ ይዘው ለበዓል ገበያ ሲደርሱ ዋጋቸው ጥሩ ይሆናል። ሦስቱን ሐበሻዎች አራት ወር እስኪሞላቸው አይሽጡ፣ ለእርድም አያቅርቡ። ጫጩት ማስፈልፈል ካልፈለጉ አንድም አውራ ማስቀረት አያስፈልግዎትም፤ ቄቦቹ ያለ አውራም ይጥላሉ።