ፎርዋርድ የሚደረገው ፓኬት የጠፋው በሰዓት መደባለቅ ነው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄውን ላላዩት ባጭሩ፦ ሊኑክስ ከርነላቸው (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ፓኬት ሲገባ ታይምስታምፕ የሚያደርገው፣ ማለትም የገባበትን ሰዓት የሚመዘግበው ኮድ፣ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ነበር። ጠያቂው ወደ አንድ ፈንክሽን ሰበሰበው። ቱሉ ዲምቱ ያለው ራውተራቸው ላይ ሲጭነው ለራሱ ለራውተሩ የሚመጣው ደህና ሆኖ፣ ፎርዋርድ የሚያደርገው (ወደ ሌላ ማሽን የሚያሳልፈው) ግን ይጠፋል።

አዲሱን ፈንክሽን ተወውና ፊልዱን እይ። ኤስኬቢ (ከርነሉ ፓኬቱን የሚይዝበት ስትራክቸር) ውስጥ ያለው ቲስታምፕ የሚባል ፊልድ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ፓኬት ሲገባ ሪልታይም ይይዛል፤ ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረ ናኖሰከንድ ማለት ነው። ሲወጣ ደግሞ ፓኬቱ የሚላክበትን ጊዜ በሞኖቶኒክ ይይዛል፤ እሱ የሚቆጥረው ማሽኑ ከተነሳ ወዲህ ያለውን ነው። የመግቢያው ቁጥር ሳይጸዳ ኤፍኪው (ፓኬቶችን በመላኪያ ጊዜያቸው የሚያወጣው የመውጫ ወረፋ) ጋ ከደረሰ፣ ኤፍኪው ፓኬቱ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ የሚላክ ይመስለዋል። ሆራይዘኑ (ወደፊት የሚቀበለው የጊዜ ገደብ) በዲፎልት 10 ሰከንድ ስለሆነ ይጥለዋል። የቲሲ (ወረፋዎቹን የሚያሳየው ትእዛዝ) ስታቲስቲክስ ላይ ሆራይዘን ድሮፕስ (በዚህ ገደብ የተጣሉት ቁጥር) እየጨመረ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ፎርዋርድ መንገዱ ላይ ታይምስታምፑን የሚያጸዳው መስመር ትርፍ መስሎ ወጥቷል ማለት ነው። መልሰው። ከርነሉ 5.18 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በእጅ ዜሮ አትጻፍ፣ ኤስኬቢ ክሊር ቲስታምፕን ጥራ፤ የመላኪያ ሰዓት ሆኖ የተመዘገበውን ለይቶ ይተወዋል።

ፓቹን እንደገና ስትሠራው ማዛወርና ባሕርይ መለወጥ በአንድ ፓች አይግቡ። መጀመሪያ ኮዱን ብቻ አዛውር፣ ፈትን፣ ከዚያ ለውጡን ለብቻው አምጣ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይቺ የወጣች መስመር በግምገማ ላይ ወዲያው ትታይ ነበር።

አዲሱን ፈንክሽን የምትጠራበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ኔትዴቭ ቲስታምፕ ፕሪኪው የሚባለው የከርነል ሴቲንግ በዲፎልት 1 ነው፤ ሰዓቱ የሚነበበው ፓኬቱ አርፒኤስ (ፓኬቶችን ለሲፒዩዎች የሚያከፋፍለው) ወረፋ ሳይገባ በፊት ነው። ከወረፋው በኋላ ብቻ ከጠራኸው ወረፋ ላይ የቆየበት ጊዜ ከልኬትህ ይጠፋል፤ ኔትወርኩ ሳይፈጥን የፈጠነ ይመስላል። ታይምስታምፕ የሚፈልግ መኖሩን የሚያየውን የስታቲክ ኪይ ምርመራም ሰዓት ከመነበቡ በፊት አቆየው፤ አለበለዚያ ታይምስታምፕ የጠየቀ ፕሮግራም ሳይኖርም በየፓኬቱ ሰዓት ይነበባል።

ውስጡን በሙሉ ባለ 64 ቢት ናኖሰከንድ አድርገው፤ ወደ ማይክሮሰከንድ የምትቀይረው ለፕሮግራሙ ስታስረክብ ብቻ። ባለ 32 ቢቱ የድሮ ሰከንድ በጥር 2038 እ.ኤ.አ. ይሞላል።

እናንተ ሰፈር መብራት ስለሚመላለስ አንድ ፈተና ጨምር። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተ ማሽን በተሳሳተ ሰዓት ይነሳና ኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክለው) ሲደርስ ሰዓቱ ይዘላል። ፒንግ እየሄደ ሰዓቱን 5 ደቂቃ ወደ ኋላ መልስ፤ በሪልታይም የሚሰላ መዘግየት ካለ ኔጌቲቭ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሁሉ ወደ ሞኖቶኒክ ቀይር።

መስመሩን መልሰህም ፓኬት ከጠፋ የከርነሉን ቁጥርና የቲሲን ውጤት እዚሁ ለጥፍ።