ሰፊ የኋላ ጎማ የምትፈልጉ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ግን ይዛችሁ ኑ

ባለቸርኬ፦ ዛሬ ማታ ስለ ጎማና ስለ ቸርኬ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የመኪናውን ዓይነትና ዓመት፣ ከጎማው ጎን ያለውን ቁጥር፣ ከቸርኬው ጀርባ ያለውን ወርድና ኢቲ ጻፉልኝ። ስለ ጭስ ማውጫ ድምፅ የሚጠይቀኝ ሰው መልስ አይጠብቅ።

የማራኪው፦ ጋሼ፣ የፈረንጆች 2002 ቢኤምደብሊው 330 ነው። አራቱም 225/45 አር 17፣ ቸርኬው 8 ኢንች፣ ኢቲ 47። ለኋላ 9 ኢንች ኢቲ 35 ቸርኬ ከ255/40 ጎማ ጋር አግኝቻለሁ። ይገባል?

ባለቸርኬ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። መጀመሪያ ቁመቱን እናስላ። 225 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 45 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው። 225 ሲባዛ በ0.45፣ ሁለት ጊዜ፣ ሲደመር 17 ኢንች፤ 634 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 255/40 ደግሞ 636 ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይለያዩም፤ እዚህ ላይ ችግር የለም።

ችግሩ ኢቲው ነው፤ ሰው ሁሉ ገንዘቡን የሚያቃጥለውም እዚሁ ላይ ነው። ኢቲ ቸርኬው ሞዞው ላይ፣ ማለት በቡሎን የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል ላይ፣ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ወርድ መካከል በስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ይነግርሃል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። አሁን አስላ፦ ወርዱ በአንድ ኢንች ስለ ጨመረ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ኢቲው ከ47 ወደ 35 ስለ ወረደ ደግሞ ሌላ 12 ወደ ውጭ ይገፋል። በጠቅላላው የቸርኬው ጠርዝ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ፓራፋንጎው ይጠጋል፤ ወደ ውስጥ ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልገባም። ኋላ ሁለት ሰው ጭነህ ጉድጓድ ስትመታ ጎማህን ፓራፋንጎው ይልጠዋል።

ፋብሪካው ራሱ ለዚህ መኪና ሰፊ የኋላ ጎማ ሲያዘጋጅ ምን እንዳደረገ ተመልከት። ከፊት 225/45 በ7.5 ኢንች፣ ከኋላ 245/40 በ8.5 ኢንች፣ ኢቲ 50። ወርዱን ሲጨምር ኢቲውንም ጨመረና የትርፉን አብዛኛውን ወደ ውስጥ ወሰደው። ያንን ፈልግ፤ ይህን ተወው።

ፒያሳ፦ ለስፖርት መኪና የትኛው ጎማ ይሻላል?

ባለቸርኬ፦ ለየትኛው መኪና? ቁጥሩን ጻፍ።

አዲስ ነጂ፦ ጋሼ፣ ቶዮታ 86 አለኝ፣ አራቱም 215/45 አር 17 በ7 ኢንች። ከኋላ ስትታይ ቀጭን ናት ይሉኛል። ኋላውን ብቻ 245 ባደርገውስ?

ባለቸርኬ፦ እህቴ፣ የሚሉሽ ሰዎች ነድተዋታል? ይህችን መኪና የሠሩት ሰዎች አራቱን ጎማ እኩል ያደረጉት ገንዘብ አጥሯቸው አይደለም። ኋላውን ብቻ ስታሰፊ ኋላው ይነክሳል፣ ፊቱ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ኩርባ ላይ መሪውን ስትጠመዝዢ መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄድ ትፈልጋለች። እንደ ፖርሼ 911 ያለ መኪና ከኋላ ሰፊ የሚያደርገው ሞተሩ ኋላ ላይ ስለ ተቀመጠ ነው፤ የፈረንጆች 1998ቱ ከፊት 205/50፣ ከኋላ 255/40 ነበር። የአንቺ ሞተር ከፊት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያለንባት ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። መጽሐፉ ላይ 200 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና ከአዘዞ ወደ ላይ ሲወጣ በ160 ነው የሚወጣው። ለጠፋ ጉልበት ጎማ አይሰፋም! ገንዘብ ካለሽ አራቱንም 225/45 አድርጊ፤ በ7.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ደኅና ይቀመጣል። ከስፋቱ ይልቅ የጎማው ጥራት ይበልጣል።

የፊዚክስ ተማሪ፦ ይቅርታ፣ የሰበቃ ኃይል ከስፋት ጋር ግንኙነት የለውም። ስምንተኛ ክፍል የተማርነው ነው። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ከንቱ ነው።

ሾፌሩ፦ ታዲያ የውድድር መኪኖች ምነው ሰፊ ጎማ አደረጉ? ለጌጥ ነው?

የፊዚክስ ተማሪ፦ ለማስታወቂያም ሊሆን ይችላል።

ሾፌሩ፦ ባጃጅ ከፊት አንድ ቀጭን ጎማ ነው ያላት፤ በአንተ ስሌት ከሁሉም የተሻለች ልትሆን ነው።

ቀበሌ 16፦ ባጃጅን አትንኩ። ወደ ጎሃ ሆቴል አቀበቱን ስትወጣ አይቻለሁ።

ሾፌሩ፦ መውጣቷን ማን ካደ? መውረዷን ንገረኝ።

ባለቸርኬ፦ ባጃጁን ተዉትና ስሙ። ተማሪው ግማሹን ትክክል ብሏል። አንድ ጎማ ላይ 400 ኪሎ ቢያርፍና ነፋሱ 2.2 ባር ቢሆን አስፋልቱን የሚነካው 180 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎማው 225 ሆነ 255 ብዙ አይለወጥም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ አጭርና ሰፊ ይሆናል፣ ኩርባ ላይም የሚረዳው እሱ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ሕግ ግን ለጠንካራ ነገር እንጂ ለላስቲክ በትክክል አይሠራም፤ ላስቲክ በላዩ ያረፈው ጫና ሲበዛ የመያዝ አቅሙ በዚያው መጠን አያድግም።

ይኸው ቅርጽ በክረምት ጠላት ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ አስፋልቱ ላይ ሲተኛ ሰፊ ጎማ ውኃውን ገፍቶ መጨረስ ያቅተውና ይንሳፈፋል። ጥርሱ ያለቀ ሰፊ ጎማ ይዞ በሐምሌ ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ ይምጣ።

አራዳ፦ ኢቲውን ለማስተካከል በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ብረት ባስገባስ?

ባለቸርኬ፦ ቡሎኑ ካልረዘመና የመካከሉ ቀዳዳ ሞዞው ላይ በልኩ ካልገጠመ አታስገባ። የቶዮታ 86 ቀዳዳ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ የማራኪው ቢኤምደብሊው 72.6። የሌላ መኪና ቸርኬ "ገባ" ማለት ገጠመ ማለት አይደለም።

ደባርቅ፦ ያገለገለ ጎማ አግኝቻለሁ፣ ጥርሱ አዲስ ነው።

ባለቸርኬ፦ ጎኑ ላይ DOT ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብብ። 2314 ካለ በፈረንጆች 2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም አልገዛውም።

ፒያሳ፦ ጋሼ አልመለሱልኝም። የትኛው ጎማ ይሻላል?

ባለቸርኬ፦ አልጻፍክልኝም።

አዲሱ ሰፈር፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። ሰፊ ጎማ ያስፈልገዋል?

ባለቸርኬ፦ ከስፋቱ በፊት የጭነት ቁጥሩን፣ ጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈውን፣ እይ። ባትሪው ከባድ ነው። 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 94 ማለት 670 ኪሎ ነው። በሩ ጥግ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር በታች እንዳትወርድ። በአንድ ሞተር አራቱም ጎማ የሚነዳ የነዳጅ መኪና ቢሆን ኖሮ የፊትና የኋላ ቁመት እኩል ይሁን እልህ ነበር፤ ካልሆነ ጥርሳ ጥርሱን ይበላዋል።

የማራኪው፦ ጋሼ፣ የኋላው ሲሰፋ ስኮርታውስ?

ባለቸርኬ፦ የድሮው 225/45 ለኋላም ቢሆን እስከ ጎሚስታ ያደርስሃል፤ ከፋብሪካው 245/40 በቁመት የሚለየው ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፊትና ኋላ ማቀያየሩን ግን እርሳው፤ የኋላው ቶሎ ያልቃል፣ ሁልጊዜም ጥንድ ትገዛለህ።

ሾፌሩ፦ ወደ መተማ ስወርድ ሙቀት ነው። ነፋሱን ላጉድል?

ባለቸርኬ፦ አይሆንም። ጠዋት ሳትነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ፣ በሩ ላይ በተጻፈው ልክ ሙላ። መንገድ ላይ ግሎ ቁጥሩ ሲጨምር አትንካው።

ፒያሳ፦ 205/55 አር 16 ይላል። መኪናው የጓደኛዬ ነው።

ባለቸርኬ፦ ጓደኛህ ይጠይቀኝ። ደኅና እደሩ።