ብረታ ብረት ካለባቸው ውህዶች መድኃኒት ለምትፈልጉ ወጣት ኬሚስቶች

ልጆቼ፣

"ብረት ያለበት መድኃኒት መርዝ ነው፣ ጊዜውም አልፎበታል" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። (ብረት ስል እንደ ፕላቲኒየም ያለውን ብረታ ብረትና ብረት መሰሉን ሁሉ ነው።) ግማሹ እውነት ነው። በፄፄ ዝንብ ለሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ይሰጥ የነበረው ሜላርሶፕሮል አርሴኒክ የሚባል መርዛማ ብረት መሰል ንጥረ ነገር ነበረበት፤ ከታከሙት 100 ሰዎች 5 ያህሉን መድኃኒቱ ራሱ ይገድላቸው ነበር። ያም ሆኖ ዘርፉን አትተዉት።

ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ ካላዛር፣ ማለትም ሌሽማንያ የሚባል ፓራሳይት (ጥገኛ ተሕዋስ) የሚያመጣው በሽታ፣ ይዞት የሚመለሰውን የቀን ሠራተኛ አስቡት። ከስቷል፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ተወጥሯል። የሚጠብቀው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ከፓሮሞማይሲን ጋር ነው፤ በቀን ሁለት መርፌ፣ ለ17 ቀን። የመጀመሪያው አንቲሞኒ የሚባል ብረት መሰል ንጥረ ነገር አለበት። ብራዚላዊው ሐኪም ጋስፓር ቪያና አንቲሞኒን ለሌሽማንያ የሞከረው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም እዚያው ነን፤ ያውም ቆሽትና ልብ እንደሚጎዳ እየታወቀ! በሽታው የሀብታም ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጠበቀ ነበር። ይሄ ያንገበግበኛል።

ላብራቶሪ ሳህን ላይ ፓራሳይት መግደላችሁ ብቻ አያስፈንድቃችሁ። በረኪናም ይገድላል። ሌሽማንያ ሰው ውስጥ የሚኖረው ማክሮፋጅ በሚባለው የሰውነት ተከላካይ ሴል ውስጥ ተደብቆ ነው፤ እዚያው እንዳለ ሞክሩት። ጎን ለጎን፣ በዚያው መጠን፣ ጤነኛ የሰው ሴል ላይም ሞክሩ። ፓራሳይቱ እኛ የሌለን ትራይፓኖታይዮን የሚባል መከላከያ አለው፤ አንቲሞኒ ከሚያናጋቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። የእናንተስ ብረት የት ነው የሚመታው?

ስለ ማሟሟቻው ደግሞ አደራ። ሩተኒየም ወይም ፕላቲኒየም ያለበት ውህድ ውሃ ውስጥ አልሟሟም ሲል ሁላችንም የምንሮጠው ዲኤምኤስኦ (DMSO) ወደሚባለው ማሟሟቻ ፈሳሽ ነው። ዲኤምኤስኦ ግን አሟሙቶ ብቻ አይቀመጥም። ብረቱ ላይ የተያያዘውን ክሎራይድ አስለቅቆ ራሱ ቦታውን ሊይዝ ይችላል። ያኔ የምትለኩት የሠራችሁትን ውህድ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ፕላቲኒየም ያለበት የካንሰር መድኃኒት ሲስፕላቲን ላይ ይህ በደንብ የታወቀ ነው። ስለዚህ አሟሙታችሁ አሳድሩትና የውህድን አወቃቀር በሚያሳየው ማሽን፣ በኤንኤምአር (NMR)፣ እዩት። ማሽኑ አጠገባችሁ ከሌለ ናሙናውን ላኩ፣ ለምኑ፣ ወረፋ ጠብቁ።

ከተመቻችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የሌሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ሄዳችሁ ሕሙማኑን አነጋግሩ። ስለ መርፌው፣ ስለቀረባቸው የሥራ ቀን፣ ቤት ትተውት ስለመጡት ቤተሰብ ጠይቁ። ላብራቶሪ ስትመለሱ፣ ከውህዶቻችሁ መካከል የሚዋጥና የመተማን ሙቀት የሚችለውን አስቀድሙ።