የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሐይቁ፣ ዋልካ አፈሩና የራዲዮ ሞገዱ

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ከጣና ዙሪያ የተጻፉትና መሬት በራዲዮ ሞገድ ላይ ስላለው ተጽዕኖ የሚጠይቁት፣ አንዱ የሌላውን መልስ ስለሚያሟላ አብረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ውስጥ የራዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። በመርከብ ላይ ሳሉ ከሩቅ ወደብ የሚተላለፍ የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት በቀትርም ቢሆን ጥርት ብሎ ይሰማቸው እንደነበር፣ ወደ የብስ ገባ ሲሉ ግን ብዙም ሳይርቁ ድምፁ ይደክም እንደነበር ያጫውቱናል። እኔ የምኖረው ጎርጎራ ነው፤ ከእኔና ከባሕር ዳር መካከል ያለው ውሃ ብቻ ነው። ጣናም እንደ ቀይ ባሕር ሞገድ ይሸከማል ማለት ይቻላል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ አባትዎ ያስተዋሉት ትክክል ነው፤ ጣና ግን ቀይ ባሕርን አይተካም። ምክንያቱን ለመረዳት የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት ቀን ቀን በምን መንገድ እንደሚደርሰን ማየት ያስፈልጋል። ከማማው የሚወጣው ሞገድ የምድርን ገጽ ተከትሎ ይጓዛል። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው የኤሌክትሪክ መስኩ ግርጌው መሬቱን እየነካ ስለሚሄድ በመሬቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይቀሰቅሳል። መሬቱ ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ ከሆነ ይህ ፍሰት ብዙ ኃይል ሳያባክን ያልፋል፤ ደካማ አስተላላፊ ከሆነ ግን የሞገዱ ኃይል ወደ ውስጥ እየሰረገ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዮናታን ዜኔክ የባሕርንና የየብስን ልዩነት በዚህ መልኩ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን፣ የአገሩ ልጅ አርኖልድ ዞመርፌልድ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ጉዳዩን በተሟላ ስሌት አቀረበው።

የባሕር ውሃ የማስተላለፍ አቅም በሜትር ወደ 5 ሲመንስ ይጠጋል፤ ይህን ያህል ያደረሰውም የሟሟው ጨው ነው፤ ቀይ ባሕር ደግሞ ጨዋማነታቸው ከፍ ካሉት ባሕሮች አንዱ ነው። እንደ ጣና ያለ ጨው አልባ የሐይቅ ውሃ ግን ከ0.003 እስከ 0.02 ሲመንስ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ልዩነቱ በመቶዎች እጥፍ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ሰፊ ውሃ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ለሞገዱ ወሳኙ በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ድግግሞሹ 800 ኪሎ ኸርዝ የሆነ፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት 375 ሜትር የሆነ ስርጭት ከባሕር ዳር ተነሥቶ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጎርጎራ ደረሰ እንበል። የምድርን ክብነት ለጊዜው ትተን በተለመደው ቀመር ስናሰላው፣ መንገዱ ጨዋማ ባሕር ቢሆን የሞገዱ ጥንካሬ ምንም ኪሳራ በሌለው መሬት ላይ ሊኖረው ከሚችለው ብዙም አይጎድልም። በጣና ውሃ ላይ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ይቀራል። ደረቅ በሆነ የባዛልት ድንጋይ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን የሚቀረው ከመቶ 3 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ጎርጎራ ተቀምጠው የሚያገኙት ጥቅም እንግዲህ ትንሽ አይደለም፤ የሐይቁ ገጽ ሜዳ መሆኑና መንገዱን የሚያቋርጥ ተራራ አለመኖሩም ይታከልበታል።

ሌላም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በዚሁ ድግግሞሽ ሞገዱ በባሕር ውሃ ውስጥ ሲሰርግ ሩብ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ጥንካሬው ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ ጨው በሌለው ውሃ ግን እዚያ ደረጃ ላይ ለመድረስ 5 ሜትር ከግማሽ ያህል መውረድ ይኖርበታል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ስፍራው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዳርቻዎቹ አካባቢ ሞገዱ የሚያገኘው ውሃውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ደለልም ጭምር ስለሆነ፣ የሐይቁ ወለል ከስሌቱ ውጭ ሊሆን አይችልም። ድግግሞሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ይህ ጥልቀት ይጨምራል፤ በ200 ኪሎ ኸርዝ 11 ሜትር ይደርሳል።

አባትዎ ወደ የብስ ሲገቡ የገጠማቸው ድንገተኛ ድካምም በሳይንሱ የታወቀ ነው። ጆርጅ ሚሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው የስሌት ዘዴ መሠረት፣ ሞገድ ከጥሩ አስተላላፊ ወደ ደካማ አስተላላፊ ሲሻገር ጥንካሬው ከወትሮው ፈጥኖ ይወድቃል፤ ከየብስ ወደ ባሕር ሲሻገር ደግሞ፣ ለማመን ቢያስቸግርም፣ ከማሰራጫው እየራቀ ሳለ ጥንካሬው ለተወሰነ ርቀት መልሶ ይጨምራል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ያለው መሬት ከዘመናት በፊት የሐይቁን መውጫ የዘጋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ፣ ከዚያ አቅጣጫ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የሚገባ ሞገድም ይህን ባሕርይ በመጠኑ ማሳየቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ወረታ አካባቢ፣ ሩዝ በሚዘራበት ሜዳ ላይ፣ የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት በደንብ ይያዛል። ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ ግን ያው ራዲዮ ይደክማል፤ ኤፍ ኤሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል ሲባል አልነበረም እንዴ? ክረምቱስ ለውጥ ያመጣል? (ከወረታ)

መልስ፦ ከፍታ ይሻላል የሚለው አባባል ለኤፍ ኤም ይሠራል። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ በመሆኑ አካሄዱ ለብርሃን የቀረበ ነው፤ ማሰራጫውንና ተቀባዩን ሊያተያይ የሚችል ከፍታ ይፈልጋል። የመካከለኛ ሞገድ ግን መሬት ለመሬት ስለሚሄድ የሚጠቅመው የሚረግጠው አፈር ነው።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ለዘመናት ያመጡት ደለልና ጥቁር ዋልካ አፈር የተኛበት ነው። ዋልካ የሸክላ አፈር ነው፤ እጅግ ደቃቅ የሆኑት ቅንጣቶቹ ውሃ አጥብቀው ይይዛሉ፣ በዙሪያቸውም ኤሌክትሪክ የሚሸከሙ አዮኖች ይከማቻሉ። እንዲህ ያለ እርጥብ አፈር ከ0.01 እስከ 0.03 ሲመንስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያስተላልፍ ይችላል። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይህ ነው፤ የፎገራ ጭቃ ለራዲዮ ሞገድ ከጣና ውሃ ጋር ይስተካከላል፣ ሊበልጠውም ይችላል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ተራራ የሚያወጣው አገር በአንጻሩ ስስ አፈር የለበሰ ባዛልት ይበዛበታል፤ ያልተሰነጣጠቀ ደረቅ ባዛልት ደግሞ ከ0.001 ሲመንስም ሊያንስ ይችላል። በ800 ኪሎ ኸርዝ 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ በእርጥብ ዋልካ ላይ አንድ አምስተኛው ጥንካሬ የሚተርፍ ከሆነ፣ በድንጋዩ ላይ የሚተርፈው አንድ ሃምሳኛው ገደማ ነው። በኃይል ሲለካ ልዩነቱ መቶ እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ጉና ከሐይቁ ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ግዙፍ ነው። ሞገዱ ትንንሽ ኮረብታዎችን ዞሮ ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ተራራ ግን ከጀርባው ጥላ ይጥላል።

የድግግሞሹም ነገር ቀላል አይደለም። ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን ያው መንገድ ለሞገዱ አራት እጥፍ የረዘመ ያህል ይከብደዋል። በእርጥብ ዋልካ ላይ 100 ኪሎ ሜትር የተጓዘ የ200 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ዘጠኝ አሥረኛው ሲተርፈው፣ የ800ው አንድ አምስተኛ፣ የ1,500ው ደግሞ አንድ ሃያኛ ገደማ ብቻ ይተርፈዋል። በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ የረጅም ሞገድ ጣቢያዎች አንድ ማማ ይዘው ሰፊ አገር ሊሸፍኑ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ራዲዮዎን በመካከለኛ ሞገድ ሲፈትሹም በቁጥር መደዳው ዝቅተኛ ጫፍና በከፍተኛው ጫፍ ያሉትን ጣቢያዎች በእኩል ዓይን አይመልከቱ።

የመካከለኛ ሞገድ ማማም ተራራ ላይ ይተከል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ በእኔ አስተያየት ገንዘብን በድንጋይ ላይ እንደ ማፍሰስ ነው። ለእንዲህ ያለው ማማ ረግረጋማ ቆላና የወንዝ ዳር ሜዳ ይመረጣል። እንደዚያም ሆኖ በማማው ግርጌ ዙሪያ እስከ 120 የሚደርሱ የመዳብ ሽቦዎች ተዘርግተው ይቀበራሉ፤ እያንዳንዳቸው ለ800 ኪሎ ኸርዝ ከ90 ሜትር በላይ ርዝመት ይኖራቸዋል። እነዚህ ሽቦዎች ማማው አጠገብ ያለውን ብክነት ይቀንሳሉ እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር ሊለውጡት አይችሉም።

ስለ ክረምቱ፦ ዝናብ የላይኛውን አፈር ማርጠቡና አስተላላፊነቱን መጨመሩ እውነት ነው፤ በበጋ የተሰነጣጠቀው ዋልካም ይገጥማል። ሆኖም ሞገዱ በሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ድረስ ስለሚሰርግ የላይኛው አንድ ክንድ መርጠቡ የሚያመጣው ለውጥ ሰዎች የሚገምቱትን ያህል አይደለም። በሌላ በኩል በክረምት ከሰዓት በኋላ የሚበዛው መብረቅ በዝቅተኛ ድግግሞሾች ላይ ከባድ የመንቋቋት ድምፅ ስለሚለቅ፣ የተገኘችውን ትንሽ ትርፍ ይበላታል። ሌሊት ከሱዳንና ከዐረብ አገሮች የሚገባው ስርጭት ደግሞ ከላይኛው ከባቢ አየር ተንጸባርቆ የሚመለስ ስለሆነ የፎገራ አፈር በመንገዱ ላይ ብዙ ድርሻ የለውም።

ደንበኛ ራዲዮው ደከመ ብሎ ሲያመጣልዎ ግን አፈሩን ከመክሰስዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ፤ አንደኛው በቤቱ ውስጥ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ወይም አምፖል ጩኸት እየፈጠረ አለመሆኑን፣ ሁለተኛው ራዲዮውን በአግድም ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ድምፁ ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑን ነው፤ በውስጡ ያለውና አንቴና ሆኖ የሚያገለግለው የፌራይት ዘንግ ጎኑን ለማሰራጫው ሲሰጥ በደንብ ይቀበላል፣ ጫፉን ሲያቀና ግን ይደነቁራል።

ጥያቄ፦ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በባሕር ዳር ዙሪያ ያለውን መሬት የማስተላለፍ አቅም ውድ መሣሪያ ሳልገዛ መለካት እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይችላሉ። ፍራንክ ዌነር እ.ኤ.አ. በ1915 ያስተዋወቀው ዘዴ አራት የብረት ካስማዎች፣ ባትሪና መልቲሜትር ይበቃዋል። ካስማዎቹን በቀጥታ መስመር፣ እኩል ተራርቀው ይትከሏቸው፤ በዳርና ዳር ባሉት ፍሰት ይስደዱ፣ በመካከለኞቹ መካከል ቮልቴጅ ይለኩ። ቮልቴጁን ለፍሰቱ ካካፈሉ በኋላ በ6.28 እና በካስማዎቹ ርቀት ሲያባዙት የአፈሩን ልዩ ተቃውሞ ያገኛሉ፤ አንድን ለእርሱ ሲያካፍሉ ደግሞ የማስተላለፍ አቅሙን። ካስማዎቹ በ5 ሜትር ተራርቀው 100 ሚሊ አምፔር ሲያልፍ 100 ሚሊ ቮልት ካነበቡ ውጤቱ 0.032 ሲመንስ ይሆናል፤ ይህ ጥሩ ዋልካ ነው። በዚያው ፍሰት 3 ቮልት ከተነበበ ግን የቆሙት ወደ 0.001 በሚጠጋ ድንጋያማ መሬት ላይ ነው።

ካስማው በ5 ሜትር ርቀት ላይ ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። የባትሪውን ዋልታ እያገላበጡ ሁለት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ፤ በካስማዎቹ ላይ የሚፈጠረው የኬሚካል ቮልቴጅ አለበለዚያ ያሳስትዎታል። የቤት መብራት ፈጽሞ አይጠቀሙ። ከሁሉም በላይ ግን ልኬቱን በአንድ ርቀት ብቻ አይተዉት፤ በ1፣ በ2፣ በ5 እና በ10 ሜትር ይድገሙት። በባሕር ዳር ዙሪያ ብዙ ስፍራ ላይ አፈሩ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተኛ በመሆኑ፣ በ1 ሜትር ርቀት የተለካው ቁጥር ጥሩ ሆኖ በ10 ሜትር ሲለካ ሊያሽቆለቁል ይችላል፤ ለመካከለኛ ሞገድ የሚያገለግልዎ ደግሞ ሞገዱ ከሚሰርግበት ጥልቀት ጋር የሚቀራረበው፣ ማለትም ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለው ርቀት የተገኘው ቁጥር ነው።